የኋላ ተሳፋሪዬ ቤዝ ይጠግባል፣ እኔ ሹፌሩ ጦሜን አድራለሁ

ባለኮሮላው

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የምነዳው የ2004 ሞዴል ኮሮላ ነው። በስልክ መተግበሪያ እየተጠራሁ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው አመላልሳለሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ከመሪው አልነሣም። ባለቤቴ «ቤትህ እሱ ነው፣ እኛ ዘንድ የምትመጣው ለእንቅልፍ ነው» ትለኛለች፤ ሐሰት አልተናገረችም። ስለዚህ ለዚያ «ቤት» ትንሽ ገንዘብ ባወጣ ማን ይፈርድብኛል ብዬ ባለፈው ጥቅምት ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር (ቤዙን፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) ከነሳጥኑ ኋላ፣ ድምፁን የሚያጎላ ባለ 250 ዋት አምፕሊፋየር፣ ለፊት በሮች ደግሞ ባለ 6 ኢንች ተኩል ስፒከሮች አስገጠምኩ። ቴፑ አንድሮይድ የሚባለው፣ ስክሪን ያለው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ምሽት ከቦሌ ወደ ሳሪስ አንዲት ወጣት ይዤ ስሄድ «ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ቤዙን ቀንስልኝ፣ ሆዴን አንቀጠቀጠው» አለችኝ። እኔ ግን ከፊት ሆኜ ቤዝ የሚባል ነገር አልሰማም! እንዲያውም ጨምሬ ጨምሬ ማዞሪያው መጨረሻው ላይ ደርሶ ነበር። ካወረድኳት በኋላ መኪናውን አቁሜ ወደ ኋላ ወንበር ዞርኩና ተቀመጥኩ። እውነቷን ነው፤ የኋላው መስታወት ይንቀጠቀጣል። ወደ ፊት ተመለስኩ፤ የለም። ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ፣ የሚሰማው ደንበኛ።

ሁለተኛው ነገር በገና ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ መኪናዬ ውስጥ ከበገና በቀር ሌላ አይከፈትም፤ የአባቴን የድሮ ካሴቶች ወደ ፍላሽ አስገልብጬ እሱን ነው የምሰማው። ከጅማቱ ሥር የሚገባችውን ትንሿን ቆዳ፣ እንዚራዋን ታውቋታላችሁ፤ የእሷ ዝዝታ በደንብ ይሰማኛል። ከሥሩ ያለው፣ ደረት ውስጥ የሚገባው ወፍራሙ ድምፅ ግን የለም። ንቡ አለ፣ ቀፎው የለም።

የገጠመልኝ ልጅ ዘንድ ስመለስ «ባለ 500 ዋት ያስፈልግሃል» አለኝ። ሶማሌ ተራ ያገኘሁት ሌላ ሰው ደግሞ «ዲኤስፒ ካልገጠምክ ከንቱ ድካም ነው» አለኝ። ዲኤስፒ ማለት ድምፁን በዲጂታል የሚያስተካክል ፕሮሰሰር መሆኑን አንብቤአለሁ፤ ግን ቤዝ ይጨምራል ወይስ አዲስ ገንዘብ ማውጫ ነው? የለካሁትን ልጻፍላችሁ፦ ከጭንቅላቴ እስከ ግራው በር ስፒከር 90 ሳንቲ ሜትር፣ እስከ ቀኙ በር 1 ሜትር ከ40፣ እስከ ሰብዉፈሩ 2 ሜትር ከ10። አምፕሊፋየሩ ላይ የቤዙ መቁረጫ 80 ሄርዝ (በሴኮንድ 80 ንዝረት) ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ወደ ሰብዉፈሩ እየተቀነሰ ነው የሚሄደው። በሮቹ በቴፑ ኃይል በቀጥታ ይሠራሉ፣ ምንም አልተቆረጠባቸውም።

ድብልቅልቅ

ወንድሜ ነገሩን አታወሳስበው። አምፕሊፋየሩ ላይ «ቤዝ ቡስት» የሚል ማዞሪያ ታገኛለህ፣ እስከ መጨረሻው አዙረው። እኔ ቪትዝ ላይ እንደዚያ አድርጌ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀኛል።

የድሮ ቴፕ ጠጋኝ

ሰፈሩ የሚያውቅህ በምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። ባለኮሮላው፣ ያችን ማዞሪያ ዜሮ ላይ መልሳት። ብዙዎቹ አምፕሊፋየሮች ላይ መጨረሻዋ 12 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ሲሆን፣ 12 ዴሲቤል ማለት 16 እጥፍ ኃይል ነው። በ20 ዋት ይወጣ የነበረው ድምፅ 320 ዋት ይጠይቃል፤ ያንተ 250 ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሞገዱ ጫፍ ጫፉ የተቆረጠ ጩኸት ነው፤ የሰብዉፈርህ የሽቦ ጥቅል የሚቃጠለውም ያኔ ነው።

500 ዋትም አትግዛ። ከ250 ወደ 500 መሄድ የሚሰጥህ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል ደግሞ 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ደግሞስ ተሳፋሪህ መስክራልሃለች፤ ቤዙ አለ። አንተ ወንበር ላይ ሲደርስ ነው የሚጠፋው።

የሚያጠፋው ምን መሰለህ? የራስህ የበር ስፒከር። አንድ በር ላይ ሁለት ሰው ቆሞ አንዱ ከውጭ፣ ሌላው ከውስጥ እኩል ቢገፉ በሩ አይንቀሳቀስም። ሰብዉፈሩ አየሩን በሚገፋበት ቅጽበት የበሩ ስፒከር እየሳበ ከሆነ ጆሮህ ዘንድ የሚደርሰው ባዶ ነው። ባለሙያዎች ፌዝ ይሉታል፤ የእኛው ፌዝ ባይሆንም ገንዘብህን አውጥተህ ሲደርስብህ ብዙም አይራራቁም።

የለካኸው ርቀት ነገሩን ያወጣዋል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ የ80 ሄርዝ አንድ ሙሉ ዙር 4 ሜትር ከ30 ይሆናል። ሰብዉፈሩ ከግራ በርህ ይልቅ በ1 ሜትር ከ20 ይርቅሃል፤ ከሩብ ዙር ጥቂት አልፎ ዘገየ ማለት ነው። በዚህ ላይ አምፕሊፋየርህ ያለው መቁረጫ የተለመደው፣ በኦክታቭ (ሄርዙ እጥፍ በሆነ ቁጥር) 12 ዴሲቤል የሚቀንሰው ከሆነ፣ እሱ ራሱ 80 ሄርዝ ላይ ሌላ ሩብ ዙር ያዘገያል። ሩብ ከሩብ ግማሽ። ግማሽ ዙር የዘገየ ሞገድ ደግሞ ትክክለኛ ተቃራኒ ነው። መኪና ውስጥ መስታወቱም ጣሪያውም ስለሚያስተጋባ ቁጥሩ እንደዚህ ንጹሕ ሆኖ አይገኝም፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው። የኋላ ወንበር ላይ ሰብዉፈሩ ከበሮቹ ይቀርባል፤ የርቀቱ ነገር መዘግየቱን በመጨመር ፈንታ ይቀንሰዋል፣ ድምፆቹም ይደጋገፋሉ።

ስለዚህ ሳንቲም ሳታወጣ ዛሬ ማታ ይህን አድርግ። ሞተሩን አጥፋ፣ ሳጥኑ ላይ የገቡትን ሁለት የሰብዉፈር ገመዶች አቀያይር፤ ፕላሱን ማይነስ ላይ፣ ማይነሱን ፕላስ ላይ። ሰብዉፈሩ አይጎዳም፤ ሲገፋ የነበረው ይስባል፣ ያ ብቻ ነው። ገመዶቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ብቻ ተጠንቀቅ። መስታወቱን ዝጋ፣ ያንኑ ዘፈን በዚያው ድምፅ ክፈት፣ አንተው ወንበር ላይ ሆነህ ስማ። ከዚያ ጻፍልኝ።

ባለኮሮላው

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ትናንት ማታ በስልኬ መብራት አቀያየርኩት። በገናውን ትቼ መጀመሪያ ከበሮ ያለበት መዝሙር ከፈትኩ። የከበሮው ትልቁ አፍ ሲመታ መሪው እጄ ላይ ደነገጠ። እውነት ለመናገር እኔም ደነገጥኩ።

ግን ዛሬ ሦስት ደንበኛ አመላለስኩ፤ አንዱም ቤዝ ቀንስ አላለኝም። ተጠራጥሬ ኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ። አሁን ደግሞ እዚያ ጠፍቷል! ጦሙን ለደንበኛ አዛወርኩት ማለት ነው?

አንድ ነገር ልጠይቅ፦ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የድምፁ ፍጥነት አይቀየርም?

የድሮ ቴፕ ጠጋኝ

አይቀየርም። ፍጥነቱን የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ ከፍታው አይደለም። ማለዳ ብርድ ላይ ትንሽ ይዘገያል፣ ቀትር ላይ ትንሽ ይፈጥናል፤ ለመኪና ግን የሚቆጠር አይደለም።

ጦሙን ማዛወርህ እውነት ነው። ገመድ መቀያየር ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፣ ወይ እንዲህ ወይ እንዲያ። ፕሮሰሰር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ዲኤስፒ አዲስ ቤዝ አይወልድም፤ የተጣሉትን ያስታርቃል፣ የሚጮኸውን ዝም ያሰኛል።

ካገኘህ ቢያንስ አራት መግቢያና ስድስት መውጫ ያለው፣ እያንዳንዱን መውጫ ለየብቻ ማዘግየት የሚችል፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ቅንብር የሚያስቀምጥ ይሁን። ስታስገጥመው የአምፕሊፋየሩን የራሱን መቁረጫ ሙሉ በሙሉ አስወጣ፤ ሁለት ቦታ መቁረጥ የዘገየውን ደግሞ ማዘግየት ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ በሮቹን ከ80 ሄርዝ በታች ቁረጥ፣ ሰብዉፈሩን ከ80 በላይ ቁረጥ፤ ሁለቱም ሊንክዊትዝ ራይሊ የሚባለው፣ በኦክታቭ 24 ዴሲቤል ይሁኑ። ይህ ዓይነት መቁረጫ መጋጠሚያው ላይ ሁለቱን ወገን በአንድ እግር ያስኬዳቸዋል፤ ስለዚህ የሰብዉፈሩን ገመድ ወደ ቀድሞው መልሰው። የበር ስፒከሮችህም ያልተፈጠሩበትን ሥራ ስለሚተዉ የዘፋኙ ድምፅ ይጠራል። ብዙ ሰው ይህን ጥቅም ይረሳዋል።

ማዘግየቱ የሜትርህ ሥራ ነው። የቀረበውን ነው የምናዘገየው፣ የራቀውን ማፍጠን አንችልም። ግራው በር 1 ሜትር ከ20 ይቀርባል፤ ያ በ343 ሲካፈል 3 ነጥብ 5 ሚሊሴኮንድ። ቀኙ በ70 ሳንቲ ሜትር ይቀርባል፤ 2 ሚሊሴኮንድ። ሰብዉፈሩ ዜሮ። ይህን «ቅንብር 1፣ ሹፌር» ብለህ አስቀምጠው። «ቅንብር 2፣ ደንበኛ» ደግሞ ኋላ መሐል ተቀምጠህ በዚያ ርቀት ሥራው። አንድ ቅንብር ሁሉንም ወንበር ያጠግባል የሚልህ ሻጭ ካለ ቡና ጋብዘውና ተሰናበተው።

ኢኳላይዘሩ (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ መጨመሪያና መቀነሻው) ላይ እጅህ አይቸኩል። መኪና ዝግ ሳጥን ስለሆነ ከ70 ሄርዝ ገደማ በታች ራሱ ቤዝ ይጨምርልሃል። መስታወት ስትከፍት ቤዙ ብን ብሎ የሚጠፋብህ ለዚህ ነው። ስለዚህ 40 ወይም 50 አካባቢ ጉብታ ታገኛለህ፤ እሱን ቀንስ። ጉድጓድ ካገኘህ ግን አትሙላው። እርስ በርስ የተጠፋፉ ድምፆች በፈጠሩት ጉድጓድ ላይ ኃይል በጨመርክ ቁጥር ሁለቱም ወገን እኩል ይጨምራል፣ እንደገና ይጠፋፋሉ። ጌኑንም (አምፕሊፋየሩ ድምፁን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነውን ማዞሪያ) በጆሮ ሳይሆን በቴስተር አስተካክል፤ ሰብዉፈርህ 4 ኦም ከሆነ 250 ዋት ማለት 31 ነጥብ 6 ቮልት ነው። ሰብዉፈሩን ነቅለህ፣ ኢኳላይዘሩን ጠፍጣፋ አድርገህ፣ የ50 ሄርዝ መሞከሪያ ድምፅ ከፍተህ ቴስተሩ እዚያ ሲደርስ አቁም። ሳጥንህ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ደግሞ ከ30 ሄርዝ በታች ያለውን ቁረጥ፤ ከዚያ በታች የሰብዉፈሩን ወረቀት የሚይዘው አየር የለም፣ ዝም ብሎ ይዘላል።

አዲስ ገዢ

ጣልቃ ለመግባት ይቅርታ። እኔ ያለኝ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ከፋብሪካው ቴፕ ላይ ሰብዉፈር ጨምሬአለሁ። ድምፁ ዝቅ ሲል ቤዙ ግሩም ነው፣ ከፍ ሳደርገው እየሳሳ ይሄዳል። ገመዱን እንደተባለው ቀያየርኩ፣ ለውጥ የለም። የእኔም ያው ችግር ነው?

የድሮ ቴፕ ጠጋኝ

አይደለም፣ ያንተ ሌላ በሽታ ነው። ብዙ አዳዲስ የፋብሪካ ቴፖች ድምፁ ሲጨምር ቤዙን ሆን ብለው ይቀንሳሉ፤ ትንንሾቹ የፋብሪካ ስፒከሮች እንዳይቀደዱ ነው። አንተ ጎን ትልቅ ሰብዉፈር እንዳስቀመጥክ ቴፑ አያውቅም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርገህ የስፒከሩ ገመድ ላይ ያዝ። የ40 ሄርዝና የ160 ሄርዝ ድምፅ በተመሳሳይ ከፍታ የተቀዳበት ፋይል ክፈት። ድምፁ 10 ላይ ሆኖ ሁለቱ የሚሰጡህን ቮልት ጻፍ፣ 25 ላይ ደግመህ ጻፍ። 160ው አድጎ 40ው ወደ ኋላ ከቀረ ሌባው ተያዘ።

ፕሮሰሰሩ ያንን ጉድለት በኢኳላይዘር መልሶ ሊያቃናው ይችላል፤ ነገር ግን የቴፑ ቅነሳ ከድምፁ ጋር ስለሚለዋወጥ አንድ ማስተካከያ የሚገጥመው ለአንድ ከፍታ ብቻ ነው። ስለዚህ የቴፑን ድምፅ ሳይበላሽ ጥሩ በሚሰማበት አንድ ቁጥር ላይ አቁመው፣ እዚያ ላይ አቃናው፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ የምትጨምረውና የምትቀንሰው በፕሮሰሰሩ በራሱ ማዞሪያ ብቻ ይሁን። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ገመድ አካባቢ እጅህን እንዳታስገባ። እሱ የሞተሩ ከፍተኛ ቮልት ነው፣ ከድምፅ ጋር ጉዳይ የለውም።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ስለ ካሴቱ ማንም ስላልመለሰ እኔ ልሞክር። እኔም እንደ ባለኮሮላው ሰው አመላልሳለሁ፣ ከዲሲ ወደ አየር ማረፊያው። እኔም የድሮ የአማርኛ ዘፈን ሰሚ ነኝ።

ካሴት ሲገለባበጥ ኖሮ ዋናው ወፍራም ድምፅ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። የሚገርመው ግን ጆሮአችን ነው። 50 ሄርዝ የሚመታ ጅማት 100፣ 150፣ 200 እያለ ተከታዮቹንም ያወጣል። 50ው ቢጠፋም ተከታዮቹን ስንሰማ አእምሮአችን የጎደለውን ይገምተዋል። እንዚራዋ የምትሰጠው ዝዝታ እነዚያን ተከታዮች ስለሆነ በገና በስልክ ስፒከር እንኳ በገና መሆኑ የሚታወቀው ለዚህ ነው። አእምሮ ይገምተዋል፣ ደረት ግን አይታለልም።

ዲኤስፒ የሌለውን 50 ሄርዝ አያመጣም። የሚያመጣ ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር አለ፤ ተከታዮቹን አንብቦ ከሥር ያለውን አዲስ ይሠራል። ታዋቂው የኦዲዮኮንትሮል ኤፒሴንተር ነው። እኔ ካምሪዬ ላይ አለኝ፤ መጠኑን የምትቆጣጠርበት ማዞሪያ ዳሽቦርዱ ላይ ይገጠማል። የአምሳ ዓመት ዘፈን ላይ ባስ ጊታሩ ከመቃብር ይነሣል። አዲስ ዘፈን ላይ ግን ወዲያው ማጥፋት አለብህ፤ ቤዝ በቤዝ ላይ ተደራርቦ ሽሮ ሲወፍር እንደሚሆነው ይሆናል። በገና ላይ ደግሞ እኔ አልወደውም። ጅማቱ ከቆመ በኋላ ከሥር የሚያጉረመርም እንግዳ ነገር ይሰማኛል። ምርጫው ያንተ ነው። ከመግዛትህ በፊት ግን ካሴቱን እንደገና በጥሩ ማጫወቻ አስገልብጥ፤ ምናልባት ቀፎው ካሴቱ ላይ አለ፣ የገለበጠልህ ማሽን ነው ያስቀረው።

ድብልቅልቅ

እኔም ቤዝ ቡስቴን ዜሮ አደረግኩት። ለካ የተቃጠለ ይሸተኝ የነበረው ከቅባቱ አልነበረም።

ባለኮሮላው

ከአንድ ወር በኋላ ተመለስኩ፣ ዘግይቻለሁ።

ዲኤስፒውን ያገለገለ አግኝቼ ገዛሁ። ጋሼ የጻፉልኝን በወረቀት ገልብጬ ይዤ ሄድኩ፤ ገጣሚው ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ጥቁርቁር አለ፣ ቢሆንም ሠራልኝ። ግራ 3 ነጥብ 5 ሲገባ ምንም ልዩነት አልሰማሁም። ቀኙ 2 ሲገባ ግን ቤዙ ከኋላዬ ተነሥቶ ከመስታወቱ ሥር፣ ከፊቴ የሚመጣ መሰለኝ። ሰብዉፈሩ እኮ ጀርባዬ ነው ያለው! ጭንቅላቴን አዙሬ አየሁት። ገጣሚውም አስገብቶኝ ሲሰማ ዝም አለ፤ ከዚያ «ይህን ወረቀት ፎቶ ላንሣው?» አለኝ። 45 ሄርዝ ላይ የነበረውን ጉብታ በ5 ዴሲቤል ቀንሰነዋል። የጨመርነው አንድም ነገር የለም።

ቅንብር 2ን ግን እስካሁን ሁለቴ ብቻ ነው የተጠቀምኩበት። ደንበኛ ሲገባ መቀየሩን እረሳዋለሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ አልረሳውም።

የቨርጂኒያው ወንድሜም ልክ ነህ። ካሴቶቹን ጭንቅላቱ በተጸዳ ጥሩ ዴክ አስገለበጥኩ፤ ኤፒሴንተር አላስፈለገኝም። ባለፈው እሑድ አባቴን ከቤተ ክርስቲያን ሳመጣው ፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ ከፈትኩለት። ምንም አልተናገረም። ጎተራ ማሳለጫ ስንደርስ ብቻ እጁን ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፎ «ይህ ወፍራሙ ጅማት ትንሽ ወርዷል፤ ያን ዕለትም ወርዶ ነበር» አለ። ቀረጻው ላይ ያለ ስሕተት ነው፤ ለካ እስከዛሬ ለመስማት የሚበቃ ቤዝ አልነበረኝም።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። የኋላው ታርጋ ከበገናው ጋር ይዘምራል። ምን ላድርገው?

የድሮ ቴፕ ጠጋኝ

ከታርጋው ጀርባ አራቱ ማዕዘን ላይ ስፖንጅ ለጥፍና ብሎኑን አጥብቀው። የበሩንም ጨርቅ ገልጠህ ልቅ ሽቦ ካለ እሰረው። አባትህን ሰላም በልልኝ፤ ጅማት የወረደበትን ካሴት ለይቶ የሚያውቅ ሰው አሁን የት ይገኛል።